ስሙን ሳልይዝ የሄድኩበት መቃብር

አባቴ የተቀበረው ውጭ አገር ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ አንዳች ትልቅ ነገር ይጠብቃል፤ የአምባሳደር ልጅ የሆንኩ ይመስለዋል። አባቴ ግን ከመንዝ የገብስ ማሳ ተነስቶ ወታደር የሆነ፣ ከአገሩ መውጣቱን እንኳ ሳያውቅ የሞተ ሰው ነው። የወደቀበት ኮረብታ ያን ጊዜ የራሱ አገር ነበር። እሱ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ድንበር ተሰመረና እሱ አንዴም ሳይገላበጥ ኮረብታው ኤርትራ የሚባል ሌላ አገር ሆነ።

እኔ ሞላሌ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። እንጀራዬ ካርታ ነው ማለት ይቻላል። ሰሌዳ ላይ የአገሪቱን ካርታ ስስል ሌላውን ጠርዝ ሁሉ ተጠንቅቄ እሄድበትና ሰሜን ላይ ስደርስ ጠመኔው ይፈጥንብኛል። ተማሪዎቼ "ቲቸር እዚያ ጋ ስትደርስ ትቸኩላለች" እያሉ እንደሚስቁ አውቃለሁ። አላርማቸውም፤ እውነታቸውን ነው።

እናቴ የምትኖረው ቀየት ከተማ አጠገብ፣ እኔ በተወለድኩበት ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ሲሄድ የወተት ጥርሴ ገና አልወለቀም ነበር፤ ስለዚህ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ነው የማስታውሰው። በራችን ዝቅ ያለ ስለነበር በርኖሱን እንደለበሰ ጎንበስ ብሎ ሲወጣ ይታየኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ ያወቅኩት ከሌላ ሰው አፍ ነው።

መሞቱን የነገሩን ከራቤል የሆኑ የጦር ጓደኛው ናቸው። ጦሩ ሲበተን ከዚያ ማዶ እስከዚህ በእግራቸው መጥተው፣ ወደ ቤታቸው ሳይገቡ በፊት ወደ እኛ መንደር ጎራ አሉ። ሽማግሌዎች ሰብስበው በወጉ ማለዳ ላይ ለእናቴ መርዶውን አረዷት። አባቴ ቆስሎ ወደ አንድ መንደር እንደተወሰደ፣ እዚያው እንዳረፈ፣ የመንደሩ ሰዎችም በደብራቸው ግቢ እንቀብረዋለን ብለው ቃል እንደሰጧቸው ተናገሩ። ቀብሩን ግን አልጠበቁም፤ ጦሩ ሲሸሽ አብረው ሸሹ። ይህንንም ሳይደብቁ ተናገሩ። እናቴ አልቅሳ አልቅሳ፣ በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

"አፈር ሲለብስ አይተዋል?"

"አላየሁም" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

"እንግዲያው ፍትሐት አይደረግም።"

ቄሶቹ ለመኗት፤ ጸሎት መቃብር አይፈልግም አሏት። የነፍስ አባቷ ተቆጧት። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። "ሳይቀበር ቀርቶ ከሆነስ? አሞራ እየበላው እኔ እዚህ ተዝካር ደግሼ ሰው ላበላ ነው?" አለች። "መቃብሩን በዓይኑ ያየ ሰው ይንገረኝ፤ በነጋታው እደግሳለሁ።" ያየ ሰው ሳይመጣ እኔ አደግኩ፣ ተማርኩ፣ አግብቼም ወለድኩ። ዘመዶቻችን ባሏን ደጅ ላይ አቁማ አስቀረችው እያሉ አሟት። እኔም በተናደድኩ ጊዜ አብሬ አምቻታለሁ። እሷ ጥቁር ሳትለብስ፣ ደስ ብሏት ነጭ ሳትለብስ፣ መሐል ላይ እንደቆመች አረጀች። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር፤ ፍትሐቱን ሳታይ እንዳትሞት።

ድንበሩ ተከፈተ የተባለ ጊዜ ወሬውን ቀድማ የሰማችው እሷ ናት። በገበያ ቀን ሞላሌ ድረስ መጣች፤ ባና ተሸክማ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ የአገራችን ብርድ ልብስ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ሲጠቀለል የተኛ ሰው ያህላል። ከትከሻዋ ላይ አውርዳ መሬት ላይ ዱብ አደረገችው።

"መቼ ትሄጃለሽ?" አለችኝ ሳትቀመጥ።

"ትምህርት ቤቱስ?"

"ልጆቹ ካርታውን ሌላ ቀን ያዩታል።"

"ባናውስ ምንድን ነው?"

"አልብሺው። ሲሄድ ጠጉሩን እየፈተልኩ ነበር፤ ስመለስ አሠራዋለሁ ብሎኝ ነው የሄደው።"

"እማዬ፣ አገሩ ቆላ ነው ይሉታል። ይሞቃል።"

"ሌሊትስ?"

ባናውን ተቀበልኳት። በሶ ጨመረችልኝ፣ ለደብሩ ጧፍ ጨመረችልኝ፣ ምክርም ጨመረችልኝ። "እንደ ተቆጣጣሪ ቆመሽ አይተሽ እንዳትመለሺ" አለችኝ። "ቁጭ በይ። የሰው ቤት የሄደ ሰው ቁጭ ይላል።"

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ባናው አውቶቡስ ላይ ከእግሬ ሥር ተቀምጦ ሙቀቱን ሁሉ ሲሰበስብ፣ አጠገቤ የነበረ መንገደኛ "እህቴ፣ በጉን ከነነፍሱ ነው እንዴ የጫንሽው?" አለኝ። ድንበሩ ላይ ስንደርስ ሰው እየተቃቀፈ ያለቅስ ነበር። ስንት ዘመን የተለያዩ እህትማማቾች መሬት ላይ ተቀምጠው ሲላቀሱ አየሁ። እኔ የማቅፈው ሰው ስላልነበረኝ ባናዬን አቅፌ ተሻገርኩ። ያን ዕድሜ ልኬን በጠመኔ ስሸሸው የኖርኩትን መስመር መሬት ላይ ፈለግኩት፤ ምንም የለም። አቧራና ድንጋይ ነው፤ በወዲህም በወዲያም አንድ ዓይነት።

የአባቴ ጓደኛ የነገሩንን መንደር ሰው እየጠየቅኩ አገኘሁት። ከመኪና መንገድ ወርዶ በእግር የሚኬድበት ነው። ደብሩ በበለስ የታጠረ፣ ትንሽ ኮረብታ ላይ ያለ ነው። አንድ አዛውንት ቄስ ከቅጥሩ በር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ቀስ ባለ፣ ጥርት ባለ አማርኛ መለሱልኝ። ስደነቅ ጊዜ "በእናንተ ዘመን ነው የተማርኩት" አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ "በእናንተ" ያሉት ግን ወጋኝ። መንገዱን ሁሉ ስፈራው የመጣሁት ነገር ነበር፤ ለእነዚህ ሰዎች አባቴ ጠላት የነበረ ሰው ነው። የጠላትን መቃብር ማን ይጠብቃል እያልኩ ነበር የመጣሁት።

ቄሱ እጄን ይዘው ወደ ቅጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። ሦስት መቃብሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ዙሪያቸው በድንጋይ ተከቧል፤ አረም የሚባል የለባቸውም። በራሳችን ደብር ግቢ እንኳ እንዲህ የተጠበቀ መቃብር ብዙ አይቼ አላውቅም።

"አንድ ሰሞን ነው ያረፉት" አሉኝ። "ሦስቱም ማተብ ነበራቸው፤ ስለዚህ እዚህ አሳረፍናቸው።"

"ማነው የሚያርማቸው?"

"የመንደሩ እናቶች። የኛም ልጆች የት እንደወደቁ ያልታወቁ አሉ።"

"የቱ ነው የእኔ?"

"እሱን አላውቅም ልጄ። የዚያን ጊዜ ማን ማን እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም።"

ይሁን አልኩ በልቤ፤ ከሦስቱ አንዱ እሱ ነው። እሳቸው ካባቸውን ደርበው መጽሐፋቸውን ገለጡና ቀና ብለው ጠየቁኝ። "ስመ ክርስትናው ማነው?"

ክው አልኩ። የአባቴን ስም ከነአያቱ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ የቀበሌ ስሙ ነው። የተጠመቀበትን ነው የምልሽ።"

ይህን የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም። ሰው በሚጠራበት ስሙ ይኖርና ቄስ ፊት ሲቀርብ የክርስትና ስሙ ይነሳል፤ ሲጠመቅ፣ ሲቆርብ፣ ሲሞት። የሌላ ሰው አባት ቢሆን ኖሮ ልጁ በፍትሐቱ ቀን ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ይይዘው ነበር። የእኔ አባት ፍትሐት ስላልተደረገለት ያ ስም በጆሮዬ አልፎ አያውቅም። እናቴ ብርዱን አስባለች፣ ስንቁን አስባለች፣ አቀማመጤን ሳይቀር አስባለች። እኔም መንገዱን ከነመገንጠያው አጥንቼ ነበር የሄድኩት። ስሙን ግን እሷም ሳትሰጠኝ፣ እኔም ሳልጠይቃት ያን ሁሉ አገር አቋረጥኩ። ልደውልላት ስልኬን አወጣሁ፤ ድንበሩን ከተሻገርኩ ወዲህ አይሠራም። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለአባቴ አልነበረም ያለቀስኩት፤ ንዴት ነው ያስለቀሰኝ። መሬቱን በእጄ መታሁት።

"ተይ ልጄ" አሉኝ። "እስከ ዛሬ ስንል እንደኖርነው እንላለን።"

ዜማውን አነሱ። "አዕርፍ ነፍሰ አግብርቲከ"፣ የባሪያዎችህን ነፍስ አሳርፍ ብለው ስም የሚጠራበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ለእኔ ይሰማኝ ዘንድ በአማርኛ "ስማቸውን አንተ የምታውቀው" አሉና ቀጠሉ። ከአፋቸው የወጣው ቃል የተለመደ፣ የቆየ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አባቴ በዚያ መንደር እንዲህ ሲባል ኖሯል።

የቱ እንደሆነ ስላላወቅኩ ባናውን ሦስቱም ላይ በየተራ አለበስኩት፤ ሦስቱም አጠገብ በየተራ ቁጭ አልኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ባናው እጅ ይበላል። ሲመሽ አጣጥፌ ለደብሩ ይሁን ብዬ ለቄሱ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጉንጫቸው ላይ አሳረፉትና "ጥሩ አደረግሽ፤ ሌሊት ሌሊት እዚህ ይበርዳል" አሉኝ። እናቴን አሰብኳት፤ ሳቅም እንባም ያዘኝ። ስለያቸው "ስሙን እንደምንም ላኪልኝ" አሉ። እልካለሁ አልኩ፤ ቃሌም ከልቤ ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ነበር። እንደ ሌላ ጊዜው አገላብጣ አልሳመችኝም።

"አየሽው?"

"አየሁት። ግን ሦስት ናቸው እማዬ። የቱ እንደሆነ አያውቁም።"

ይህን ስል ፊቷን ላለማየት ዞር ብዬ ነበር። ካላየሽው አላየሽም ብላ እንደገና ያን በሯን ትዘጋዋለች ብዬ ፈርቻለሁ።

"ሦስቱም ጋ ተቀምጠሻል?" አለችኝ።

"ተቀምጫለሁ።"

"ባናውስ?"

"ሦስቱንም አልብሻለሁ።"

"በቃ፣ ደርሶታል" አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ነው የክርስትና ስሙን እንደጠየቁኝ የነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች። "ወይኔ! ሳልነግርሽ!" አለች። "ሳልነግርሽ ሰደድኩሽ!" ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠግታ ስሙን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ቄስ የሚጠራው ስም ነው። አጭርና የሚያምር ስም ነው፤ አባቴን በዚያ ስም አስቤው ስለማላውቅ አንድ ሰው እንደ አዲስ ያስተዋወቁኝ ያህል ሆነብኝ።

ቃሏን አላጠፈችም። ጠላው ተጠመቀ፣ ገብሱ ተፈጨ፣ ፍትሐቱ ተደረገ፣ ተዝካሩም ወጣ። የራቤሉ ጓደኛው ምርኩዝ ይዘው፣ ሰው ደግፏቸው መጡ። ቄሱ ያን ስም ጮክ ብለው ሲጠሩት እናቴ መርዶውን ገና ያን ዕለት ጠዋት የሰማች ይመስል ጮኸች። ጥቁር ለበሰች። ሰዉ በዚህ ዕድሜዋ ምን ነካት አለ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ደስታ ማለት የሚቻል ከሆነ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ስሙን ለዚያ ቄስ የሚያደርስልኝ ሰው ሳፈላልግ ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ። እናቴ ቀየት ገበያ ባገኘችኝ ቁጥር "ደረሰላቸው?" ትለኛለች። "አልደረሰም" እላታለሁ። "እስካሁን 'አንተ የምታውቀው' እያሉት ነው ማለት ነው" ትልና ታቀረቅራለች። እኛ እዚህ በስሙ አስጠርተነዋል፤ እሱ በተኛበት ኮረብታ ግን ዛሬም ስም የለውም። ይህ እሷን እንደ እሾህ ይወጋት ነበር። እኔንም ይወጋኛል።

ከዚያ በኋላ ጦርነት እኛው ደጅ መጣ። ተሰደድን፣ ተመለስን። ስንመለስ ከእናቴ መንደር በላይ ሁለት የሞቱ ወታደሮች ተገኙ። አንዳንዱ ሰው የየትኛው ወገን ናቸው እያለ ይሟገት ጀመር። እናቴ ጠጋ ብላ አንገታቸውን አየች። "ማተብ አላቸው" አለች። "ወታደር ናቸው፣ ሞተዋል፣ ማተብ አላቸው። ሌላ ምን ልታውቁ ነው የምትፈልጉት?" በደብራችን ግቢ ጥግ ተቀበሩ። ዙሪያቸውን በድንጋይ እንድናጥር ያዘዘችን እሷ ናት። እንዴት እንደሚደረደር ከእኔ ጠይቃ ነበር፤ እዚያ ያየሁትን ነገርኳት። አረሙን የምትነቅለውም እሷ ሆነች። ቅዳሴ ሲወጣ ሌላው ወደ ቤቱ ሲሄድ እሷ እዚያ ጥግ ሄዳ ትቀመጣለች። የደብራችን ቄስም ሲጸልዩ "ስማቸውን አንተ የምታውቀው" ሲሉ ሰማኋቸው። ማንም አላስተማራቸውም፤ ሌላ የሚባል ነገር ስለሌለ ነው።

አምና ትምህርት ቤት ተዘግቶ እናቴ ዘንድ ሳለሁ አንዲት ሴት መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ አነጋገሯ የእኛ አገር አይደለም። ልጇ በዚህ በኩል እንደወደቀ ጓደኞቹ ነግረዋት ደብር ለደብር ስትጠይቅ ከርማለች። ቀየት ላይ ሰዎች ወደ እናቴ መሯት። ገና ከግቢው በር ላይ እንደቆመች፣ ግቢ ሳትባል፣ ውሃ ሳይቀርብላት፣ እናቴ ካለችበት ብድግ አለች።

"የክርስትና ስሙን ይዘሻል?"

ሴትዮዋ ግራ ገባት። "ይዣለሁ እማማ" አለች።

"ተመስገን!" አለች እናቴ። ዞራ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ያስቀመጠቻትና እግሯን ያስታጠበቻት።

ደብሩ ግቢ ስንደርስ ሴትዮዋ ሁለቱን መቃብሮች አይታ፣ እኔ የጠየቅኩትን ያንኑ ጠየቀች። "የቱ ነው የእኔ?"

"አናውቅም ልጄ" አለቻት እናቴ። "ሁለቱም ጋ ቁጭ በይ።" በሁለቱ መካከል አስቀመጠቻት። ቄሱ መጡ፤ ስም ጠየቁ። ሴትዮዋ የልጇን ስመ ክርስትና ጮክ ብላ ተናገረች። "ለሁለተኛው እንግዲህ እንደ ወትሮው እንላለን" ብለው መጽሐፉን ሲገልጡ እናቴ እጇን አነሳች።

"ለዚያኛው የባሌን ስም ይጥሩለት፣ አባ።"

ቄሱ ደነገጡ። "እንዴት ይሆናል? ስም እኮ የየሰዉ ነው።"

"እዚያ ማዶ ስም ያጣ ሰው አለኝ። እዚህ ደግሞ ስሙ እጄ ላይ ቀርቷል። ይኸው እዚህ ደግሞ ስም የሌለው የሰው ልጅ ተኝቷል። ምን ይጎዳል?"

"አይሆንም እናቴ" አሉ ቄሱ፤ በትህትና፣ ግን ቁርጥ አድርገው። የሴትዮዋን ልጅ ጠሩ፤ ለእናቴ ብለው አባቴንም አነሱላት፤ ሁለተኛውን ግን "ስሙን አንተ የምታውቀው" ብለው አለፉ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ሴትዮዋን ደግፋ አስነሳቻት።

ሴትዮዋን ከሸኘን በኋላ እናቴን አጣኋት። ደብሩ ግቢ ተመልሳ በሁለቱ መቃብሮች መካከል ቁጭ ብላ አገኘኋት። አረም እየነቀለች፣ ስም ያልተጠራለትን በለሆሳስ ታወራዋለች፤ በአባቴ የክርስትና ስም እየጠራችው።

"እማዬ፣ ቄሱ አይሆንም አሉ እኮ!"

"እኔ ቄስ አይደለሁም" አለችኝ ቀና ሳትል።

"የአባቴን ስም ለማናውቀው ሰው ትሰጪዋለሽ?"

"ማን ሰጠው? አውሼው ነው" አለች። የነቀለችውን አረም ወደ ጎን አስቀምጣ አፈሩን በመዳፏ ደለደለችው። "ባለቤቶቹ ሲመጡ ይመልስልኛል።"